ዝቅ ብላ የመጣችው መኪና

በልጅነቴ የማውቃቸው መኪኖች ሁሉ አንገት አቅንተን የምናያቸው ነበሩ። ወረታ መንገድ ያሳደጋት ከተማ ናት። ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ ሐሙሲትንና የጉማራን ወንዝ አልፎ ይደርስባትና ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ርብን ተሻግሮ በይፋግና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ይገባል፤ ሌላው በአለም በር፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ወልድያ ይወርዳል። ይህን ሁለተኛውን በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናዎች ስለነበሩ ትልልቆቹ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይሉታል። በ1980ዎቹ በሁለቱም ላይ የሚመላለሰው ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ የሕዝብ አውቶብስ፣ የእርዳታ ድርጅቶች ላንድክሩዘርና አንዳንድ አሮጌ ላንድሮቨር ነበር። መንገዱ ጠጠር ነው። ክረምት ገብቶ ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይለብሳል፤ የሩዙ ማሳም የከብቱ መዋያም አንድ ይሆንና መንገዱ ብቻ ከውሃው በላይ ተዘርግቶ ይቀራል። በእንዲህ ያለ አገር ከፍ ያላለች መኪና ምን ትሠራለች? እኛ ልጆቹ መኪና ሲባል ሌላ መልክ ይኖረዋል ብለን አስበን አናውቅም።

ከዚያ አንዲት ቀይ ፊያት መጣች።

ባለ ሁለት በር ናት። ጣሪያዋ ከኋላ በኩል እየተንሸራተተ ወርዶ ከፖርቶ ባጋሊዮው ይጋጠማል፤ ከፊት አራት ክብ መብራት አላት። ከጎንደር በኩል በዝግታ መጥታ መገንጠያው አጠገብ ካለው ጋራዥ ደጃፍ ቆመች። ጋራዡ ቋሚ እንጨትና ቆርቆሮ፣ መሬቱ ላይም አንድ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። መካኒኩን የሠፈሩ ሰው በሙሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ጋሼ ይላቸዋል። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ እሳቸው ዘንድ ቆመን ማየት ልማዳችን ነበር። አያባርሩንም። «13 ቁልፍ አቀብለኝ» ያሉት ልጅ የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አይወስደውም።

የመኪናዋ ባለቤት ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ መሆኗን፣ ከአስመራ ወደ ጎንደር እንደመጣች፣ እሳቸውም ከሌላ ሰው ገዝተዋት ብዙ ዓመት እንደያዟት ለጋሼ ሲነግሩ ሰማን። ከአዲስ ዘመን ወዲህ አንድ ድንጋይ ሆዷን ነክቷት የዘይት ኮፓዋ ተሰንጥቋል። ሰውዬው የዘይት ግፊት መለኪያው ሲወርድ እንዳዩ ሞተሩን አጥፍተው ወርደዋል፤ ስንጥቁን አይተው፣ ዘይት እየጨመሩ፣ እያረፉ ነው ወረታ የደረሱት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ጨበጧቸው።

«መኪና የሚያዳምጡ ሰው ነዎት፤ ሌላ ሰው ቢሆን ብሮንዚናውን አቅልጦት ነበር የሚመጣ» አሏቸው።

ኮፓው ወርዶ ወደ በያጅ ሲላክ ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው «አንተ ልጅ፣ ና እየው» አሉኝ። የሞተሩን ፊት እያሳዩ ከላይ ሁለት ካም እንዳለው፣ ሁለቱንም የምታዞራቸው አንዲት ጥርስ ያላት የጎማ ቺንጊያ እንደሆነች ነገሩኝ። «ይቺ ከተበጠሰች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ያኔ ሞተሩ አለቀ። ስለዚህ እስክትበጠስ አይጠብቋትም፤ ቀኗ ሲደርስ ይቀይሯታል።» የሰማሁት የመጀመሪያው የሞተር ትምህርት ይህ ነው። ጥርሷን በጣቴ ስነካው አስታውሳለሁ።

ሞተሩን የነደፈው ሰው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ እንደሚባል ያወቅሁት አድጌ ካነበብኩ በኋላ ነው። ላምፕሬዲ ወደ ፊያት ከመሄዱ በፊት የፌራሪ መሐንዲስ ነበር፤ አልቤርቶ አስካሪ እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው እሱ በሠራው ሞተር ነው። ኩፔዋ እ.ኤ.አ. በ1967 ስትወጣ ሞተሯ 1438 ሲሲ ነበር፤ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ነበራት፤ ያን ጊዜ ይህ በውድ መኪኖችም ላይ ገና ያልተለመደ ነገር ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመው ግን የቤተሰቡ መኪና የፊያት 124 መሠረት ነበር። ሶቪየቶች ፈቃድ ገዝተው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሠሩት፣ ውጭ አገርም ላዳ ብለው የሸጡት ያንኑ መኪና አሻሽለው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንት ዓመት ታክሲ የሠራችው ላዳና ያቺ ቀይ ኩፔ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ጋሼ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። ከሥር ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ለባለቤቷ ሲያወሩ ሰማኋቸው። «ይቺን የገዟት መልኳን አይተው ነው፤ የኖረችልዎት ግን ዘመድ ስላላት ነው። ሰው ልጁን ሲድር ዘመድ አዝማድ እንደሚጠይቅ፣ መኪና ሲገዛም ዘመዷን ይጠይቅ። ዘመድ የሌላት ቆንጆ መኪና አንድ ዕቃ ሲጎድላት ደጅ ላይ ዶሮ ማደሪያ ሆና ትቀራለች።»

ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው እንደነገርኩ አላውቅም። አገልግሎት ላይ የዋለ ስፖርት ኩፔ ልግዛ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ማታ ላይ ኮፓው ተበይዶ፣ ተገጥሞ፣ አዲስ ዘይት ገባ። ሰውዬው ሞተሩን አስነስተው ጥቂት አቆዩትና ከልጆቹ መሐል እኔን በጎን አስቀመጡኝ፤ ቁልፍ ሳቀብል አይተው ይሆናል። እስከ ርብ አካባቢ ሄደን ተመለስን። ከዚያ በፊት የተቀመጥኩበት መኪና ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚያሳይ ነበር። እዚያ ውስጥ ግን ሩዙ በዓይኔ ትክክል ነበር፤ ከብቶቹ ከእኔ ይረዝማሉ፤ መንገዱ ከመቀመጫዬ ሥር ይሮጣል። ፍጥነቱ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ፍጥነት ያለ አልመሰለኝም። ሰውዬው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ፍጥነቱን አትይ፣ የዘይት ግፊቱን እይ» አሉና በጣታቸው ክሩስኮቱ ላይ አንዷን ትንሽ ክብ አሳዩኝ።

ከእንዲህ ያለች መኪና ጋር ሁለተኛው ትውውቄ በወረቀት ላይ ነው። አጎቴ የኤንትሬ ነጂ ነበር። ከሞያሌ ሲመለስ ያመጣው አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሔት ውስጥ ጭቃ እስከ መስታወቷ የለበሰች ዳትሰን 240ዜድ ነበረች። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1971 ኤድጋር ሄርማን፣ በ1973 ደግሞ ሼካር ሜህታ ያሸነፉት በዚህች መኪና ነው። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ፎቶው ይገባኝ ነበር፤ ሁለት በር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ዝቅ ያለ ወገብ፣ ያውም በጎረቤታችን በኬንያ ጭቃ ላይ። ገጿን ቀድጄ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆይተው አዩት፤ ከዚያ ጣታቸውን ከመኪናዋ ሆድ ሥር አሳርፈው «እዚህ ላይ ላሜራ አስገጥመውላታል» አሉ። ለራሊ የሚወጣ መኪና ኮፓውን የሚጠብቅ ወፍራም ላሜራ ይታሰርለታል፤ ያች ቀይ ፊያት ያጣችው እሱን ነው። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቷ ተመልሰው ሲመጡ ጋሼ ከአሮጌ የጭነት መኪና ስፖንዳ ቆርጠው ሠሩላት። ፎቶው ጋራዡ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ብዙ ዓመት ኖሯል።

አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ገንዘብ ማጠራቀም ስጀምር ልቤ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ጓደኞቼ ቪትዝ ግዛ ይሉኝ ነበር፤ ምክራቸው የሚናቅ አልነበረም፤ ቆጣቢ ናት፣ ስትሸጣትም ገንዘብህን ትመልሳለች። እኔ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባለ ሁለት በር ፍለጋ ከደላላ ጋር እዞር ነበር። ያገኘኋቸው ጥቂት ናቸው። የጀርመን ኩፔዎች ነበሩ፤ መልካቸው ይጠራል፣ ዕቃቸው ግን በትእዛዝ ነው የሚመጣ። ከዚያ አንድ ጊቢ ውስጥ አራት ክብ መብራት አየሁ። ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣችው ስድስተኛዋ ትውልድ።

ለጋሼ ደወልኩላቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ዋጋ አልነበረም።

«ዘመዷ ማነው?»

«ኮሮላ ናት ጋሼ። ሞተሯ 1.8 ነው፤ 7ኤ ይሉታል።»

«እሱማ የ4ኤ ወንድም ነው። በል እያት፤ ነገር ግን ማለዳ ሂድ።»

ዘመድነቱ እውነት ነው። የሴሊካዋ 7ኤ-ኤፍኢ ሞተር፣ አገራችን ውስጥ ያሉ ኮሮላዎች ከተሸከሙት 1.6ቱ 4ኤ-ኤፍኢ ጋር ከአንድ ቤተሰብ ነው፤ ካንዴላ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የውሃ ፖምፓ ይጋራሉ። ፈረስ ጉልበቱ 115 አካባቢ ነው፤ ለስፖርት መኪና ብዙ አይደለም፣ ለእኛ መንገድ ግን ይበቃል። ሌላም በጎ ነገር አለው፤ ታይሚንግ ቺንጊያው ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው ሴሊካ ይበልጥ ቀላልና ፈጣን ናት፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1ዜድዜድ ሞተር ዘይት የመብላት ጠባይ ስላለው እሷን የሚያይ ሰው የዘይት መለኪያውንና የጭስ ማውጫውን አጥብቆ ይይ።

ማለዳ ሂድ ያሉኝ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲገኝ ነው። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። ኮፈኑን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ፤ ውሃው ላይ የዘይት ጠብታ የለም። የዘይት መክደኛውን ገለበጥኩ፤ ወተት የመሰለ ነገር የለም፤ ያ ቢኖር ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ውሃ ከዘይት ተገናኝቷል ማለት ነው። ሲነሳ ከኋላ ቆሜ ጭሱን አየሁ። ሰማያዊ ጭስ ከፋሻ ወይም ከቫልቭ ላስቲክ ያለፈ ዘይት ነው፤ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ነው፤ ጥቁሩ የበዛ ቤንዚን ነው። የመጀመሪያውን ቡልቅ ያለ እንፋሎት ሁሉም መኪና ያወጣዋል፤ እሱ አያስደነግጥም።

ስለ አካሏ ጋሼ የነገሩኝ ለኩፔ ብቻ የሚሆን ነው። በሩ ከባለ አራት በር መኪና በር ይረዝማል፣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ማጠፊያው ቶሎ ይደክማል። በሩን ገርበብ አድርጎ ከጫፉ ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ማጠፊያው አርጅቷል፣ ወይም መኪናዋ ተመትታ ዞራለች። በቀጭን ጨርቅ የጠቀለልኩትን ማግኔት በፓራፋንጎውና በበሩ ሥር ስሄድበት፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልያዘም፤ ከኋላ ጎማው በላይ ስቱኮ ነበር። ሻጩ አልካዱም። «ደጄ ላይ ነው የነኩኝ፣ ይኸው» ብለው የጥገናውን ደረሰኝ አሳዩኝ። እንዲህ ያለ ሻጭ ሲገኝ ስቱኮው አያሳስብም። ምንጣፉን አነሳሁ። ለፎገራ ልጅ ይህ ከሁሉ ይቀድማል፤ ጎርፍ የገባባት መኪና ከምንጣፍ ሥር፣ ከመቀመጫው ሐዲድ ላይ፣ ደረቅ ደለል ይዛ ትቀመጣለች፣ ሽቦዎቿም አንድ ቀን ይከዷታል። የፔዳሉን ላስቲክና የመሪውን ልብስ ከኪሎ ሜትሩ ቁጥር ጋር አስተያየሁ፤ ቁጥር ይመለሳል፣ ያለቀ ላስቲክ አይመለስም። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ እንደሆነም ክሩስኮቱን ከሥር አብርቼ አየሁ፤ ንጹሕ የፋብሪካ ሥራ ነበር።

መብራቱን፣ መስታወቱን፣ ፓራፋንጎውን ግን አንድ በአንድ መረመርኩ። ሞተሯ የኮሮላ ዘመድ ቢሆንም መልኳ ዘመድ የለውም። የተሰበረ የሴሊካ መብራት ፍለጋ ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር የዞረ ሰው ይህን ያውቃል። ገዝቼም ከሦስተኛ ወገኑ ሌላ ሙሉ ዋስትና የገባሁላት ለዚሁ ነው።

ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ላይ ካለው ጋር በዓይን ይመሳከር፤ ዕዳና እገዳ መኖሩ ይጣራ፤ ስሙም በቶሎ ይዛወር። በውክልና ብቻ ይዞ መንዳት በአገራችን የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወካዩ ከሞተ ውክልናው በመሠረቱ ይቀራል። ያን ጊዜ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ከወራሾች ጋር ነው የሚቆም። ይህ በማንም ወዳጄ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ዛሬ ኩፔ የሚፈልግ ሰው ምርጫው ጠቧል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያሉት ኩፔዎች እነዚሁ ናቸው፤ ከዚህ በኋላ የሚኖሩትም የያዛቸው ሰው ባኖራቸው ልክ ነው። እኔ በዚህ አዝናለሁ፤ ነገር ግን በደንብ የተያዘች አሮጌ ኩፔ ዛሬ ከትናንት ይልቅ የሚገባት ክብር አላት።

ገዝቻት ጥቂት ቆይቼ፣ ቺንጊያውን፣ ዘይቱንና የፍሬን ሸራውን አስቀይሬ፣ ወደ አገሬ ነዳኋት። የተርቦ እርዳታ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ጎሐ ጽዮን ደርሼ ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ አየሩ እየወፈረ፣ ሞተሩ እየነቃ ሲሄድ በእግሬ ይታወቀኝ ነበር። ቁልቁለቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ይዤ ወረድኩ፤ ፍሬን ላይ ተኝቶ የወረደ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ የሸራ ሽታ ይቀበለዋል። ከጃፓኖች ጋር የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ ዓይኔ ከሙቀት መለኪያው አልተነሳም። ጎማዋ 14 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባ፣ ጎኑ ወፈር ያለ ነው። ሰፊ ቸርኬና ቀጭን ጎማ ለፎቶ ያምራል፤ ለጉድጓድ አይሆንም።

ከጉማራ ወዲያ ጠጠሩ አስፋልት ሆኗል። ሰዓቱ ከብት የሚገባበት ስለነበር ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ የፎገራ ላሞች ለመኪና መንገድ አይለቁም፣ እኔም እንዲለቁልኝ አልፈለግሁም። ልጆች ከመንገዱ ዳር እየሮጡ ተከተሉኝ። ዝቅ ብዬ ስለተቀመጥኩ ዓይኔ ከዓይናቸው ትክክል ነበር።

ጋሼ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጋራዡን የያዘው ልጃቸው ነው። ጤና ይስጥልኝ ብለው ጉንጬን ከሳሙኝ በኋላ ሳያወሩኝ ዙሪያዋን ሄዱ። አጎንብሰው ከፊት ሥሯ መሬቱን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

«ውሃ ነው፤ ፖምፓዋ ማልቀስ ጀምራለች። ዛሬ አትነዳም።»

በማግሥቱ ልጃቸው ባሕር ዳር ደርሶ የኮሮላ ፖምፓ ይዞ መጣ። ዋጋው የኮሮላ ነው፣ ልኩም ገጠመ። ጋሼ ወንበር አስወጥተው ከአጠገባችን ተቀምጠው ነበር፤ ቁልፍ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሥራው ሲያልቅ በጎን መቀመጫው ገብተው ቀበቶ አሰሩና ወደ ሐሙሲት በኩል ንዳ አሉኝ። ሞተሩን አዳመጡ፣ ማርሽ ስቀይር አዳመጡ፣ አንድ ጎርባጣ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሱ።

«የፊት ግራ ቴስቲና። ስትገዛ ግን ሁለቱንም ጎን ግዛ፤ አንዱ ካለቀ ሌላው አይቆይም።»

ባሕር ዳር ላይ ሁለቱንም አስቀየርኩ።